ግራ እጄ ገና ስኩተር ላይ ነው

ባዶ ሜዳ ላይ በተዋስኩት ሞተር ሳይክል በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄድኩ ሳለ ከአጥሩ ሥር ውሻ ብቅ አለ። ፍሬን ያዝኩ። ያዝኩ ብዬ ነው እንጂ አልያዝኩም። ግራ እጄ አራት ዓመት ሙሉ ስኩተር ላይ እንደለመደው ያገኘውን መያዣ በሙሉ ኃይሉ ጨበጠ። ነዳጅ ገና እየሰጠሁ ስለነበር ሞተሩ ጮኸ፤ ሞተር ሳይክሉ ግን ሰው ከኋላ የገፋው ይመስል ቀለል ብሎ ወደ ፊት ሄደ። የጨበጥኩት ፍሪሲዮን ነበር፤ ሞተሩን ከጎማው የሚለየው መያዣ።

ውሻው በራሱ ፍጥነት አመለጠ። እኔ ከሜዳው ጫፍ ደርሼ ቆምኩ፤ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሞተር ሳይክሉን ያዋሱኝ የሥራ ባልደረባዬ ከ20 ዓመት በላይ የነዱ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ሳይቸኩሉ ወደ እኔ መጡ።

«ጋሼ፣ ፍሬኑ አልያዘም» አልኳቸው።

«ፍሬኑን መቼ ነካሽው?» አሉኝ። ከዚያ ግራ እጄን በጣታቸው እያሳዩ፣ «ይሄ እጅ ገና ስኩተር ላይ ነው ያለው» አሉ።

ወደ ቤት ስመለስ ያቺ አባባል ከጆሮዬ አልጠፋችም። እስከዚያ ቀን ድረስ «የመጀመሪያ ሞተር ሳይክሌ የትኛው ይሁን?» ብዬ ስጠይቅ የምጠይቀው ስለ ሞተር ሳይክሉ ነበር፤ የሞተሩ መጠን ስንት ሲሲ ነው፣ ምን ያህል ይሄዳል፣ ሲያዩት ምን ይመስላል። ከዚያ ቀን በኋላ ግን መጠየቅ ያለብኝ ስለ ራሴ አካል እንደሆነ ገባኝ። የትኛው ሞተር ሳይክል ነው ለዚህ እጅ የመማሪያ ጊዜ የሚሰጠው?

ነገሩን ስኩተር ነድቶ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ስኩተር ላይ ሁለቱም ፍሬኖች እጅ ላይ ናቸው፤ ቀኙ የፊቱን ይይዛል፣ ግራው የኋላውን። እግር ምንም ሥራ የለውም። ካምቢዮው በቺንጋ የሚሠራ አውቶማቲክ ነው፤ ነዳጅ ሲሰጡት ራሱ ይይዛል፣ ነዳጅ ቀንሰው ሊቆሙ ሲሉ ራሱ ይለቃል። ሞተር ሳይክል ላይ ሲወጡ የኋላው ፍሬን ቀኝ እግር ሥር ይገባል፣ ማርሽ ግራ እግር ሥር ይገባል፣ ግራ እጅ ደግሞ ፍሪሲዮን ይረከባል። ከነዳጁ ሌላ ከቦታው የማይነቃነቀው የፊት ፍሬን ብቻ ነው። ስለዚህ ስኩተር ነጂ ሲደነግጥ የሚጨብጠው ግራ መያዣ ሞተር ሳይክል ላይ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ሞተሩን ከጎማው ይለያል፣ ሞተሩ የሚሰጠውን መጠነኛ የመያዝ ኃይል እንኳ ይወስዳል።

ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሠራሁት። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ማለት በሴኮንድ ከ8 ሜትር በላይ ነው። እጄ ስህተቱን አውቆ እስኪያርም አንድ ሴኮንድ ቢፈጅ፣ ያንን 8 ሜትር ያለ ፍሬን ሄጃለሁ ማለት ነው። በ60 ቢሆን ከ16 ሜትር ይበልጣል።

በዚያው ሰሞን ስለ ሞተር ሳይክል አደጋ ካነበብኩት ሁሉ ቆም ያደረገኝ አንድ የቆየ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ፣ በደቡባዊ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሃሪ ኸርት የመራው፣ ሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 የሞተር ሳይክል አደጋዎች እዚያው በቦታቸው የተመረመሩበት ጥናት ነው። አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች ከግማሽ የሚበልጡት አደጋው የደረሰበትን ሞተር ሳይክል ከያዙ አምስት ወር አልሞላቸውም ነበር። በጠቅላላው ግን መንገድ ላይ ሦስት ዓመት ገደማ ነድተዋል። ብዙዎቹም በጭንቅ ሰዓት የኋላውን ፍሬን ከመጠን በላይ ረግጠው ጎማውን ያንሸራትቱ ነበር፤ የፊቱን ደግሞ በቂ አድርገው አልያዙም።

ይህን ሳነብ ውሻው ትዝ አለኝ። እኔ ጀማሪ ነኝ ብዬ አላስብም ነበር። አራት ዓመት፣ ክረምት ከበጋ፣ በየቀኑ ነድቻለሁ። ጥናቱ የሚለኝ ግን መንገዱን የሚያውቅ ሰው እንኳ የያዘውን ሞተር ሳይክል ላያውቀው እንደሚችል ነው።

እዚህ ላይ ስለ ስኩተር አንድ ነገር ልበል፤ ምክንያቱም «ስኩተር ደግሞ መንዳት ነው እንዴ?» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አባባላቸው ያናድደኛል። እንደ መንዳት የሚቆጠር ነገር ካለ ከሁሉ በፊት ዓይን ነው፤ ዓይኔን ያስተማረው ደግሞ ስኩተር ነው። መስቀለኛ መንገድ ላይ የቆመ መኪና ሊወጣ እንደሆነ ለማወቅ የሾፌሩን ፊት ሳይሆን የፊት ጎማውን ማየት፣ ሲዘንብ የመንገድ ቀለምና የብረት ክዳን ላይ ፍሬን አለመያዝ፣ መታጠፊያ ላይ የተበተነ አሸዋ ከሩቅ መፈለግ፣ ከትልቅ መኪና ጎን ሾፌሩ በስፖኪዮ በማያየኝ ቦታ አለመቆየት፤ ይህን ሁሉ የተማርኩት እዚያ ነው። የስኩተር ጎማ ትንሽ ነው። የእኔው 10 ኢንች ነበር፤ የአብዛኞቹ የመንገድ ሞተር ሳይክሎች ግን 17 ነው። ትልቅ ጎማ ተሻግሮት የሚያልፈው ጉድጓድ ውስጥ ትንሹ ገብቶ ይወጣል፤ ስለዚህ የስኩተር ነጂ ዓይን ዘወትር መሬት ላይ ነው። ያ ልማድ እስከዛሬ አልለቀቀኝም፤ እንዲለቀኝም አልፈልግም።

የማልፈልገውም ልማድ አብሮ መጣ። ስለ ግራ እጄ ነገርኳችሁ፤ ቀኜም የራሱ ነበረው። ትንሽ ስኩተር ከቆመበት ሲነሳ ነዳጁን እስከ መጨረሻው መጠምዘዝ ነው የሚፈልገው። በራሱ የሚሠራው ፍሪሲዮን እስኪይዝ፣ ጎማው እስኪዞር ትንሽ ይዘገያል፤ እጅም ያንን ዝግየት ስለሚያውቅ ብዙ ይሰጣል። ሞተር ሳይክል ላይ ፍሪሲዮኑ ተለቆ ማርሽ ውስጥ ሲሆን በእጅና በኋላ ጎማ መካከል የሚያዘገይ ነገር የለም። አንጓዬን ትንሽ ባነቃነቅሁ ቁጥር ሞተር ሳይክሉ ወዲያው ይመልስልኛል።

ለዚህ ነው ለረጅም ጊዜ በስልኬ ፎቶውን ይዤ ስዞር የነበረውን ያማሃ አር6 የተውኩት። ልቤ እሱ ላይ እንደነበረ አልደብቅም። ድምፁን ከሩቅ ስሰማ አሁንም ዞር እላለሁ። ግን 599 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ ከ110 የፈረስ ጉልበት በላይ ያለው ማሽን ነው፤ ለውድድር ቅርብ ተደርጎ የተሠራ። የስኩተሬ ጉልበት 10 እንኳ በቅጡ አይሞላም ነበር። ገና ነዳጅ መመጠን ያልቻለ ቀኝ እጅና ፍሬንና ፍሪሲዮን ያልለየ ግራ እጅ ይዤ እላዩ ላይ ብወጣ፣ የምማረው ነገር ሁሉ በአንዴ ይመጣብኛል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ኤ2 በሚባለው የመካከለኛ ደረጃ መንጃ ፈቃድ የሚነዳ ሞተር ሳይክል ጉልበት በ35 ኪሎ ዋት፣ ማለትም በ47 የፈረስ ጉልበት ገደማ የተገደበው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከዚያ በኋላ መምረጫዬ አንድ ሆነ። አዲሱ ሞተር ሳይክል እንድማር የሚጠይቀኝ አንድ አዲስ ነገር ብቻ ይሁን፤ እሱም የእጅና የእግር ሥራ መለዋወጥ። ሌላው ሁሉ በተቻለ መጠን ከማውቀው ይቅረብ።

በዚህ ዓይን ሳያቸው ሞተር ሳይክሎቹ ሌላ መልክ ያዙ። ሆንዳ ሲአርኤፍ 250 ኤል ላይ ወጣሁ፤ ለጥርጊያ መንገድም የሚሆን ረጅም ነገር ነው፤ የመቀመጫው ከፍታ 875 ሚሊ ሜትር ነው። የእግሬ ጣቶች ብቻ መሬት ነኩ። ቁመት ላይ ግን አንድ ነገር ዘግይቶ ነው የገባኝ። ስኩተር ላይ ስቆም ሁለቱንም እግሮቼን መዘርጋት ልማዴ ነበር፤ ሞተር ሳይክል ላይ ግን ቀኝ እግር ፍሬኑ ላይ ቢቆይ ነው የሚሻለው፤ መሬት የሚወርደው ግራው ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገኝ አንድ እግር በደንብ እንዲደርስልኝ ነው። የመቀመጫው ስፋትም ከከፍታው እኩል ይወስናል፤ ጠበብ ያለ 800 ሚሊ ሜትር፣ ሰፊ ከሆነ 770 ይልቅ ሊቀርብ ይችላል። ያም ሆኖ 875 ለእኔ ተጨማሪ ትምህርት ነበር። ተውኩት።

ሮያል ኢንፊልድ ክላሲክ 350ን ጋሼ ነበሩ ደጋግመው የነገሩኝ። እውነታቸውን ነው፤ ከሞከርኳቸው ሁሉ ለግራ እጄ እንደ እሱ የታገሰ አልነበረም። 349 ሲሲ አንድ ሲሊንደር፣ 20 የፈረስ ጉልበት ገደማ፤ ጉልበቱ ከታች ነው የሚጀምረው። ፍሪሲዮኑን ቸኩዬ ስለቅበት እንኳ ሳይጠፋብኝ ያስነሳኛል። ድምፁ ደግሞ ልብ ያረጋጋል። ግን 195 ኪሎ ነው።

ክብደት ለምን እንዳስፈራኝ ልንገራችሁ። ከውሻው ቀን ሁለት ሳምንት በኋላ እዚያው ሜዳ ላይ ጠባብ ዙር ስዞር ልቆም ፈለግኩና መሪው እንደታጠፈ የፊት ፍሬኑን ድንገት ያዝኩት። የእግር መንገድ ያህል እንኳ አልሄድም ነበር። ሞተር ሳይክሉ ወደ ቀኝ ዘንበል አለ፤ ቀኝ እግሬን አወረድኩ፤ ለአፍታ ያዝኩት መሰለኝ። ከዚያ አንዲት ነጥብ አለች፤ እሷን ካለፈ በኋላ የእግር ጉልበት አይመልሰውም። ቀስ ብሎ፣ እያየሁት፣ ጎኑ ላይ ተኛ። የመሪው ጫፍ አስፋልቱን ሲጭር የሰማሁት ድምፅ አሁንም ይሰማኛል።

ጋሼ ሮጠው አላነሱልኝም። መጀመሪያ ሞተሩን አስጠፉኝ። ማርሽ ውስጥ መሆኑን አረጋገጡና የጎን ማቆሚያውን አስወጡኝ፤ ሲነሳ እንዳይሽከረከር፣ ወደዚያኛው ጎን እንዳያልፍም። ከዚያ ጀርባዬን ሰጥቼ እንድቆም፣ ቁጢጥ ብዬ ዳሌዬን መቀመጫው ላይ እንዳስደግፍ፣ በአንድ እጄ የመሪውን ጫፍ፣ በሌላው ከመቀመጫው ሥር ያለውን ብረት እንድይዝ ነገሩኝ። «በወገብሽ እንዳታነሺ። በእግርሽ ወደ ኋላ እየተራመድሽ ግፊው።» ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። በሦስተኛው ተነሳ። 140 ኪሎ ገደማ ነበር፤ ክንዴ ሁለት ቀን አመመኝ። ከዚያ በኋላ ሞተር ሳይክል ባየሁ ቁጥር የምጠይቀው «ሰው በሌለበት መንገድ ብቻዬን አነሳዋለሁ ወይ?» ብዬ ነው። 195 ኪሎ ብልሃቱን አጥብቆ ለያዘ ሰው አይከብድ ይሆናል። ለእኔ ያን ጊዜ ሁለተኛ አዲስ ነገር ነበር።

ሆንዳ ሱፐር ከብ ጋር የነበረኝ ነገር ይለያል። ከልቤ አስቤበታለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የሚሠራ፣ በ2017 ብዛቱ 100 ሚሊዮን ያለፈ ማሽን ነው፤ በታሪክ በዚያ ቁጥር የተሠራ ሌላ ሞተር ያለው ተሽከርካሪ የለም። እንደ ስኩተር መካከሉ ክፍት ነው፣ እንደ ሞተር ሳይክል ጎማው 17 ኢንች ነው፣ ማርሹ በእግር ነው፤ ግን የፍሪሲዮን መያዣ የለውም። ፍሪሲዮኑ ማርሽ ስንቀይር ራሱ ይለቃል፣ ራሱ ይይዛል። አንድ እጁ ዕቃ የያዘ አመላላሽ በሌላው እጁ እንዲነዳው ታስቦ ነው እንዲህ የተሠራው። ግራ እጅ ዝም ብሎ የሚቀመጥበት ማሽን ማለት ነው። ለአንድ ሰሞን ይህ መድኃኒቴ መስሎኝ ነበር፤ ግራ እጄ ድሮ የለመደውን ይረሳል ብዬ። በኋላ ሳስበው ግን እጁ መርሳት ብቻ ሳይሆን አዲስ ሥራ መማር አለበት። እዚያ ላይ ደግሞ የሚማረው ሥራ የለም።

በመጨረሻ የወሰድኩት በሌላ ሰው እጅ የቆየ ሆንዳ ሲቢ 300 አር ነው። 286 ሲሲ፣ አንድ ሲሊንደር፣ 30 የፈረስ ጉልበት ገደማ፣ ክብደቱ ከ150 ኪሎ በታች፣ የመቀመጫው ከፍታ 800 ሚሊ ሜትር ያህል። ኤቢኤስ አለው፤ ይሄን ለድርድር አላቀረብኩትም። አደጋ ላይ ፍሬን አብዝቶ የሚረግጥ እግር እንዳለኝ አውቃለሁ፤ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚጠብቅ ነገር ከኋላዬ እንዲኖር ፈለግኩ። በአውሮፓ ኅብረት ከ125 ሲሲ በላይ ለሆነ አዲስ ሞተር ሳይክል እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ግዴታ እየሆነ የመጣ ነገር ነው።

ያገለገለ ሞተር ሳይክል ስለመግዛት ብዙ መጻፍ ይቻላል፤ እኔ ያየሁትን ብቻ ልንገር። ባለቤቱን ሞተሩን ቀድሞ እንዳያሞቀው ለመንኩት፤ ቀዝቃዛ ሞተር እንዴት እንደሚነሳ ማየት ስለፈለግኩ። የመያዣዎቹን ጫፍ፣ የእግር መርገጫዎቹን ጫፍና የመሪውን ጫፎች በጣቴ ዳሰስኩ፤ ሞተር ሳይክል ከወደቀ መጀመሪያ የሚፋቀው እዚያ ነው። ጎማው ላይ ያለውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አነበብኩ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ዓመቱን ይነግራሉ፤ 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሰንሰለቱን ከታች በኩል በጣቴ ወደ ላይና ወደ ታች አነቃነቅኩት። ስኩተሬ ሰንሰለት ስላልነበረው ይህንን ከጋሼ ነው የተማርኩት።

ከዚያ ወደ ሜዳው ተመለስኩ። ጋሼ ያዘዙኝ ልምምድ አሰልቺ ይመስላል፤ እኔ ግን ወደድኩት። ነዳጅ ሳልሰጥ አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን እንደ ፀጉር በቀጠነ መጠን እለቃለሁ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ የሞተሩ ድምፅ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ሞተር ሳይክሉ ከሥሬ ይሳባል፣ ጎማው አንድ ስንዝር ይዞራል። እዚያ ቦታ ላይ እይዘዋለሁ፤ መልሼ እጨብጠዋለሁ። እንደገና። መቶ ጊዜ። ያቺን ቦታ ጣቶቼ ካወቋት በኋላ የሚያስፈራኝ ዝግ ያለ ጉዞ ጨዋታ ሆነ። በፍሪሲዮንና በኋላ ፍሬን መካከል ይዤው ከሰው እርምጃ በታች እሄዳለሁ፤ ስኩተር ላይ በዚያ ፍጥነት በራሱ የሚሠራው ፍሪሲዮን ይለቅና መሪው በእጄ ይዋልል ነበር።

ጉልበቴም ሥራ አገኘ። ስኩተር ላይ ጉልበቶቼ እንደ እንግዳ ፊት ለፊት ተደርድረው ይቀመጡ ነበር። እዚህ የነዳጅ መያዣውን ከሁለት ወገን አቅፈው ይይዛሉ፤ ፍሬን ስይዝ ሰውነቴ ወደ ፊት እንዳይሄድ የሚደግፉኝ እነሱ ናቸው፤ እጆቼ መሪው ላይ መደገፋቸውን ተዉ። ሲታጠፍ ሞተር ሳይክሉ የሚያስበውን በጭኔ የምሰማው ይመስለኛል።

አምስት ወር በቀን መቁጠሪያ ላይ አከበብኩ። ከዚያች ጥናት በኋላ ያደረግኩት ነገር ነው። እስከዚያ ሰው ከኋላዬ አልጫንኩም፣ ማታ በዝናብ አልነዳሁም፣ በየሳምንቱ አንድ ቀን ሜዳው ላይ ከ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ፍሬን መያዝ ተለማመድኩ፤ ቀኝ እጅ እያጠበቀ፣ እያጠበቀ፤ ቀኝ እግር ለስለስ ብሎ፤ ግራ እጅ መጨረሻ ላይ። ያልጠበቅኩት ነገር የመጣው በሦስተኛው ወር ነው፤ የመጣውም ከሞተር ሳይክሉ አይደለም።

ስኩተሩን አልሸጥኩትም ነበር። ቅርብ ቦታ ለመሄድ፣ ዕቃ ከመቀመጫው ሥር ለመክተት እጠቀምበታለሁ። አንድ ጠዋት መብራት ቀይ ሲሆን ልቆም ተጠጋሁ፤ ሁለተኛ ማርሽ ላይ እንዳለሁ ሁሉ ግራ እግሬ ማርሹን ፈለገ፤ ግራ እጄ ደግሞ ፍሪሲዮን ነው ብሎ በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ጨበጠ። የኋላው ጎማ ተቆለፈ። አስፋልቱ እርጥብ ነበር፤ የኋላው ክፍል ወደ ጎን ሄደ፣ ተመለሰ፣ ቆመ። አልወደቅኩም። አጠገቤ የቆመው መኪና ውስጥ ያለ ሕፃን በመስኮቱ ያየኝ ነበር።

መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን ግራ እጄን ተመለከትኩት። ከስኩተሩ ወርዷል።

በዚያው ሳምንት ስኩተሩን ለታናሽ እህቴ ሰጠኋት፤ መንዳት ከጀመረች ጥቂት ሆኗት ነበር፤ እሷም ስትጠይቀኝ ከርማለች። ጓንቷን አጥልቃ ተቀመጠችበት፣ ሁለቱን መያዣዎች ተራ በተራ ጨበጠቻቸው።

«የግራው የኋላ ፍሬን ነው አይደል?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። «እዚህ ላይ እስካለሽ ድረስ።»